ስለ ግራካሱ ዳገትና ስለ ሳይክል፤ ለድሮ ተማሪዎቼ

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል፤ የቸኮለ ሰው ማታ ይመለስበት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ሦስት ሆነን ከቆቦ ተነስተን ግራካሱን በሳይክል ልንወጣ ነው። ቪዲዮም እንቀርጻለን። ምን ትላለህ?» የስፖርት አስተማሪ ነኝና ደስ አለኝ። «በርቱ» ብዬ ልመልስ ስል ሌላ መልእክት ገባ፦ «በጣም የከበደን ቦታ ላይ አይሱዙ ይዘን እንወጣለን፣ ችግር የለውም።» ስልኩን አስቀመጥኩት። ለእሱ ብቻ መመለስ እችል ነበር፤ ግን እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የኔው ተማሪዎች ናችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ግራካሱን በሳይክል መውጣት ይቻላል፣ ጥሩም ነገር ነው። ሰው የሚጎዳው ዳገቱ ላይ ሳይሆን አይሱዙው ጎንና ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ በተለይ ሲዘንብ። ደግሞ ከግማሽ መንገድ የተመለሰን ሰው መሳቂያ ማድረጋችን ልጆቻችንን አደጋ ውስጥ እየከተተ ነው። ይሄን ሦስተኛውን የምለው ራሴ ስለተሳቀብኝ ነው፤ እመጣበታለሁ።

አካባቢውን ለማታውቁ፦ ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር አትሞላም። ከቆቦ በዋጃ አድርጎ እስከ አላማጣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ግራና ቀኝ የማሽላና የጤፍ ማሳ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ ደግሞ እንደ ግድግዳ የቆመው የደጋው ጠርዝ። አላማጣን ስታልፉ ያ ግድግዳ ፊት ለፊታችሁ ይመጣል፤ ግራካሱ እሱ ነው። ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚሆን ጥምዝምዝ መንገድ 1,000 ሜትር ያህል ወጥታችሁ ኮረም ትገባላችሁ። በአማካይ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ወደ ላይ ማለት ነው፤ አንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ግን አማካይ የሚባለው ነገር ለእግር አይገባውም። መንገዱን በመጀመሪያ የቀደዱት ጣሊያኖች ናቸው፣ በወረራው ዘመን፤ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አስመራ የሚደርሰው መንገድ ክፍል ነው። (የወሰን ክርክር የሚያመጣብኝ ካለ በፈጣሪ ይዣችኋለሁ፤ ዛሬ የማወራው ስለ ዳገት ነው።)

የሳይክሉ ቋንቋም የመጣው ከነሱ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፖምፓ፣ ጎሚስታ... ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ዳገቱ ግን የኛ ነው።

የአየሩን ነገር የቆላ ልጅ በቀላሉ አያምነውም። እኛ ቆቦ ላይ ዝናብ ስንል ከሩቅ ታይቶ፣ አቧራ አስነስቶ፣ ለማሽላ ተለምኖ የሚመጣ ነገር ነው። አንዳንዴ ጭራሽ ቆቦ ጠብ ሳይል ሆርማት ወይም ጎሊና ሞልቶ ይወርዳል፤ ዝናቡ ደጋ ላይ ዘንቦ እኛ የምናየው ጎርፉን ብቻ ነው። ገበሬዎቻችን ያንን ጎርፍ ጠልፈው ማሳ ያጠጣሉ። ግራካሱ ላይ ስትወጡ ግን ጎርፉ የሚነሳበት ቦታ ላይ እናንተው ናችሁ። በበልግ ከምሥራቅ የሚመጣው እርጥብ አየር ያንን ግድግዳ ሲመታ ወደ ላይ ይገፋል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። የሁጉምብርዳ ግራካሱ ደን እዚያ ጠርዝ ላይ የቆመውም ያንን እርጥበት እየጠጣ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል ብላችሁ ጂኦግራፊ ላይ ሸምድዳችኋል አይደል? እሱ እንግዲህ ደረቅ ለሆነ ሰው ነው። ለረጠበና ቁልቁል በነፋስ ለሚበር ሰው ሌላ ነገር ነው።

እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ማርሽ ባላት አሮጌ ማውንቴን ሳይክል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቆቦ ወጣሁ። በሶ በጥብጬ በሁለት ሃይላንድ ይዣለሁ፣ ዳቦ አለኝ፣ ከላይ ቲሸርት ነው የለበስኩት። ዝናብ ልብስ? ለምን ብዬ! ዋጃ ሳልደርስ የግራር እሾህ ጎማዬን በሳው። መለጠፊያ አልያዝኩም። እየገፋሁ ዋጃ ገባሁና ጎሚስታው እስኪመጣ ተቀመጥኩ። በዚህ ምክንያት ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መጀመር የነበረብኝን ዳገት 4 ሰዓት ላይ ጀመርኩት። ይቺን ሰዓት ልብ በሉልኝ፤ ጥፋቱ ሁሉ የተጀመረው እዚህ ነው። ዝናቡ ስላልዘገየልኝ።

መውጣቱ ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይላል። የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ ታስገባላችሁ፣ በአፍንጫ መተንፈስ እስከቻላችሁ ድረስ በቀስታ ትረግጣላችሁ። ከሚሮጥ ሰው አትፈጥኑም፤ አንዳንድ ቦታ ከሚሄድ ሰውም አትፈጥኑም። አንድ አህያ የሚነዳ ልጅ ለረጅም መንገድ ጎን ለጎን እያወራኝ ሄደ፤ «ጋሼ፣ ወርደህ ብትገፋው አይሻልም?» አለኝ። ልክ ነበር። ከመታጠፊያዎቹ ወደ ኋላ ዞር ስትሉ የራያ ሜዳ በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል፤ አላማጣ እፍኝ ቆርቆሮ ሆና ትታያለች። ልጅ ሆኜ በአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ፤ በራሴ እግር ወጥቼ ሳየው ግን ሌላ አገር መሰለኝ።

6 ሰዓት ገደማ ደኑ ውስጥ ጉም ገባ። ቀስ ብሎ አይደለም፤ መጋረጃ እንደ መሳብ ነው። ትንሽ ቆይቶ ዝናብ፣ ከዝናቡ በኋላ በረዶ። ዝንጀሮዎቹ እንኳ ዛፍ ሥር ተኮራምተዋል፤ እኔ እነሱን ያህል አላሰብኩም። «ይህን ያህል ደክሜ?» አልኩና ቀጠልኩ። ኮረም 7 ሰዓት ተኩል ላይ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ገባሁ።

አንዲት እናት ሻይ ቤት ገባሁ፤ ሻይ በላይ በላዩ ጠጣሁ። ዝናቡ ሲያባራ ልነሳ ስል እማማ ከጓዳ አንድ ባዶ ማዳበሪያ አመጡ። «ልጄ፣ ይሄን በደረትህ ላይ አድርገህ ሸሚዝህን ከላይ ልበስ፤ ነፋሱ ይገልሃል» አሉኝ። እኔ የስፖርት አስተማሪ፣ ማዳበሪያ ለብሼ ከተማ መሐል? አመስግኜ እምቢ አልኩ።

ከዓመታት በኋላ ስለ ቱር ደ ፍራንስ ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? እነዚያ ሚሊዮን የሚከፈላቸው የዓለም ብስክሌተኞች ተራራ ጫፍ ሲደርሱ ከተመልካች ጋዜጣ ተቀብለው በደረታቸው ይሸጉጡ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ነፋስ እንዳይገባ። የኮረሟ እናት የነገሩኝ ያንኑ ነው። ማዳበሪያው እንዲያውም ዝናብም አያስገባም።

ቁልቁለቱን ስጀምር 9 ሰዓት ሆኗል። መንገዱ ረጥቧል። ቁልቁለት ላይ እግር አይሠራም፤ ስለዚህ ሰውነት ሙቀት አያመነጭም። ላብና ዝናብ የጠጣ ቲሸርት አለ፣ ነፋስ አለ። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሳልወርድ ጣቶቼ ደነዘዙ። ፍሬን የሚያዘው በጣት ነው! ጣት ሲደነዝዝ ፍሬኑን እየጨበጥኩ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እንኳ አታውቁትም። በዚያ ላይ የኔ ሳይክል ፍሬን ጎማው የተገጠመበትን ብረት የሚይዝ ዓይነት ነው፤ ብረቱ ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተታል። አንድ መታጠፊያ ላይ ጨበጥኩ፣ አልያዘም። ከታች መኪና ጥሩምባ እየነፋ እየወጣ ነው፤ በጉሙ ውስጥ መብራቱን ብቻ ነው የማየው። የገደሉን በኩል ትቼ በተራራው በኩል ካለው ቦይ ውስጥ ሆን ብዬ ገባሁ። ጉልበቴ ተላጠ፣ መሪው ተጣመመ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ቦዩ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ስንቀጠቀጥ የማዳበሪያው ነገር ትዝ አለኝ።

የቀረውን አብዛኛውን በእግሬ እየገፋሁ ወረድኩ። አላማጣ ስገባ ፀሐይ ነው፣ አቧራ ነው፣ ሰው በነጠላ ጫማ ጥላ ሥር ተቀምጧል። አንድ የባጃጅ ልጅ «ወንድም፣ ምን ውስጥ ገብተህ ነው?» አለኝ። ዝናብ ብለው ማን ያምነኛል።

በዓመቱ፣ የካቲት 2012 ላይ፣ ተመለስኩበት። በዚህ ጊዜ ዝናብ ልብስ፣ ጓንት፣ መለጠፊያ፣ ሁሉም አለ። ለራሴም ቃል ገብቻለሁ፦ 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብደርስ እዞራለሁ። አካሄዴ ጥሩ ነበር፣ ግን ከጫፉ አራት አምስት ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ ሰዓቱ ሞላ፤ ከላይ ያ መጋረጃ መሳብ ጀመረ። ቆምኩ። እግሬ ጤና ነው፣ ልቤ ጤና ነው፣ ኮረም እዚያ ናት። ዞርኩ። በደረቅ አስፋልት፣ በሚሠራ ፍሬን፣ እየተዝናናሁ ወረድኩ።

ሰኞ መምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «ግማሹ መጣ!» ያን ቀን የወጣልኝ ስም እስከ ሴሚስተሩ ማለቂያ አልለቀቀኝም። የመጀመሪያውን ጊዜ፣ ያ ሞኝነት የሠራሁበትን፣ ተማሪዎች «ቲቸር ጀግና!» ብለው አጨብጭበውልኛል። ሁለተኛውን፣ አስቤ የሠራሁትን፣ ሳቁብኝ። ልጆቼ፣ እናንተም ትዝ ይላችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ ከሳቁት ውስጥ ነበራችሁ። አልተቀየምኩም፤ ግን እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ራያ ውስጥ ወንድ ልጅ ወደ ኋላ አይልም እየተባለ ነው የሚያድገው። ይህ በሌላ ቦታ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ረጥቦ በበረደ አስፋልት ላይ ግን ፍሬን አይሆንም። ሲዘንብ የዞረን ልጅ የምንስቅበት ከሆነ የሚቀጥለው ልጅ አይዞርም፤ ሌላ ውጤት የለውም።

አሁን ወደ አይሱዙው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ የጫነ መኪና ዳገት ላይ ይጎተታል፣ ጎኑን ወይም ኋላውን በአንድ እጅ ይዞ መሄድ ነው። በአንድ እጅ ስትይዙ ግን የቀረው አንድ እጅ አንድ ፍሬን ብቻ ነው የሚይዘው። ሹፌሩ በመስታወት አያያችሁም፤ ቢያያችሁም ማርሽ ሲቀይር መኪናው ይንገጫገጫል። ጠምዛዛ ላይ ደግሞ የረጅም መኪና የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ውስጥ በኩል ያለው ማን ነው? እናንተ። አንድ ተማሪዬ (ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው) ሌላ ዳገት ላይ እንዲህ ሲንጠለጠል ወድቆ ቀኝ ትከሻው ተሰበረ። ዛሬ እሱም አስተማሪ ሆኗል። ቀኝ እጁን ከትከሻው በላይ ማንሳት ስለማይችል ሰሌዳ ላይ በግራው ነው የሚጽፈው። ተማሪዎቹ ግራኝ ይመስላቸዋል።

«ታዲያ ቲቸር፣ ለምን ከኛ አካባቢ ብስክሌተኛ አይወጣም?» ይሄን የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ በተለይ የኤርትራው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ ቀድሞ ገብቶ አረንጓዴውን ማሊያ ለብሶ ከጨረሰ ወዲህ። በአንድ የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ቀን አሸናፊ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ነው። ሳንባችን ከነሱ ይለያል? አይለይም። አስመራም ደጋው ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከምፅዋ ወደ እሷ የሚወጣው መንገድም ከባሕር ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጠመዝማዛ መንገድ የሠሩላቸውም እነዚያው ጣሊያኖች ናቸው። ልዩነቱ እዚያ ሳይክል የሽማግሌም የሴትም የፖስተኛም መሆኑ ነው። የኤርትራ ዙር ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ ልጆቹ ከዚያ ጀምሮ የሚያዩት ነገር አላቸው።

ለኛም አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ነው፤ ከሄዱት ውስጥ ብስክሌተኞች ነበሩ፣ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ከመሮጡ በፊት ማለት ነው! የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እየሩ ተስፎምን ደግሞ በፓሪስ ኦሎምፒክ አይተናታል፤ በስደተኞች ቡድን ማሊያ። ያንን ቀን ሳያት ምን እንደተሰማኝ ለመጻፍ ሞክሬ ሰርዤዋለሁ።

እኛ ጋ ሳይክል ሜዳ ላይ በደቂቃ የሚከራይ የልጆች ጨዋታ ነው። ልጁ ጢም ሲያወጣ ያፍርበታል፤ ሞተር ወይም ባጃጅ ይመኛል፤ ለሞተሩ ደግሞ ቤንዚን በሃይላንድ እየተለካ ይሸጥለታል። ባሕር ዳር ሂዱ፤ ልጃገረዶች ዩኒፎርም ለብሰው በሳይክል ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ቆቦም እኮ ሜዳ ናት! ከገጠር ቀበሌ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያንቀላፋ ተማሪ አስተምሬያለሁ። ያ ልጅ ሳይክል ቢኖረው ግማሽ ሰዓት ሊበቃው ይችል ነበር። ሻምፒዮን የሚገኘው ግራካሱን አንድ ቀን ለቪዲዮ ከሚወጡት ውስጥ አይመስለኝም፤ በየቀኑ በሳይክል ትምህርት ቤት ከሚሄዱት ውስጥ ነው የሚመስለኝ። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ይንገረኝ፤ እሰማለሁ።

የኔ ሳይክል ዛሬ የለችም። በ2013 ክረምት ብዙ ነገር ከብዙ ቤት ሲወጣ እሷም ወጣች። ከሌላው ጉዳት አንጻር ሳይክል ብሎ ማንሳቱም ያሳፍራል፤ እዚሁ ልተወው። ግን ማንም የወሰዳት ሰው የኋላውን ፍሬን እንዲያስተካክል እመኛለሁ።

ልጁን ማታ ደወልኩለት። መጀመሪያ ያልኩት የመንገዱን ሁኔታ ከሚመላለሱ ሹፌሮች ሳትጠይቁ አትነሱ ነው፤ ይሄ ዘንድሮ ከአየሩም ይቀድማል። ከዚያ አይሱዙውን እርሱት፣ ሲከብዳችሁ ውረዱና ግፉ፤ አህያ የሚነዳው ልጅም ይህንኑ ነው ያለኝ። አላማጣ እደሩና ጎሕ ሲቀድ ዳገቱን ጀምሩ፤ 6 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ዙሩ። ቪዲዮውን ስትዞሩም ቅረጹት። ኮረም ከደረሳችሁ ከመውረዳችሁ በፊት ልብስ ቀይሩ፤ ቁልቁለቱ ላይ በየጥቂቱ ቁሙና ጣታችሁን አሙቁ።

ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆየና፣ «ቲቸር፣ ሁሉም እሺ። ግን ዝናብ ልብስ ለሦስታችን ከየት እናምጣ? ገንዘቡ ለጎማ አልቋል» አለኝ።

የኔ አንድ አለ፤ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፣ ሳይክሏ ብትሄድም እሱ ቀርቷል፤ ና ውሰድ አልኩት። ለሁለታችሁ ደግሞ ማዳበሪያ ታጥባችሁ፣ አንገትና እጅ የሚያስገባ ቀድዳችሁ፣ ጠቅልላችሁ ከኮርቻው ሥር እሰሩ።

«ማዳበሪያ?» ብሎ ሳቀብኝ።